ሌባው ማን ሆነና? ስለ «ዘ ጊልድድ ዉልቭስ» ለተጻፈው ትችት ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ስለሚያነቡት የፋንታሲ ልቦለድ ነው። ጸሐፊው «ብዝኃነት» የሚባለው ነገር መጻሕፍቱን አበላሽቷቸዋል ባይ ነው። ለማስረጃ ብሎ የመዘዘው ደግሞ የሮሻኒ ቾክሺን «ዘ ጊልድድ ዉልቭስ» ነው፤ ባለ ሦስት ቅጽ ታሪክ። እኔ ይህን መጽሐፍ ላገኘሁት ወጣት ሁሉ «አንብብ» እያልኩ የምጨቀጭቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ክሶቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ገጸ ባሕርያቱ ኮታ ለመሙላት የተለቃቀሙ ናቸው ይላል። ደራሲዋ ፊሊፒናዊት አሜሪካዊት ትባላለች እንጂ ታሪኩ ፓሪስ ውስጥ ስለሆነ ፊሊፒናዊ የሚባል ነገር የለውም፣ ሰው የራሱን ወገን ብቻ ቢጽፍ ይሻላል ይላል። ሐሳቡ ከሌላ መጽሐፍ የተቀዳ ነው ይላል። ሌብነትን ያሞግሳል ይላል። በመጨረሻም ፋንታሲ ጊዜ ማባከኛ ነው፣ ልጆች ታሪክ ያንብቡ ብሎ ይደመድማል። ብዕሩ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ከመጀመሪያው ቅጽ አልፎ ስለሚሆነው ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጀምሮ የተወው ይመስለኛል።

ላላነበባችሁት ታሪኩ እንዲህ ነው። ጊዜው 1889 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)፣ ቦታው ፓሪስ። የባቢሎን ግንብ ሲፈርስ ስብርባሪው በዓለም ላይ ተበትኗል። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ሰዎች ልዩ ችሎታ ይዘው ይወለዳሉ፤ ገሚሱ ቁስን እንደ ፈቃዱ ያበጃል፣ ገሚሱ የሰው አእምሮ ላይ ይሠራል። ይህ ችሎታ «ፎርጂንግ» ይባላል። ስብርባሪውን የምንጠብቅ እኛ ነን የሚሉ ባለጸጋ ቤቶች ደግሞ አንድ ማኅበር አላቸው፤ የባቤል ማኅበር። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ውድ ዕቃ ሁሉ እነሱ እጅ ነው ያለው። ሴቨሪን የሚባል ወጣት የአንዱ ቤት ወራሽ ነበር፣ አጭበርብረው ውርሱን ነጠቁት። አሁን ታዋቂ ሆቴል አለው። በጎን ግን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የማኅበሩን ዕቃ ይዘርፋል። አንድ ቀን ሂፕኖስ የሚባል የማኅበሩ ባለሥልጣን መጥቶ አንድ ዕቃ ካገኘህልኝ ውርስህን አስመልስልሃለሁ ይለዋል። ነገሩ ከዚያ ይጀምራል።

እንግዲህ ወደ ክሱ።

ጸሐፊው ገጸ ባሕርያቱን አንድ በአንድ ቆጥሯቸዋል። የሴቨሪን እናት አልጄሪያዊት ናት፣ አባቱ ፈረንሳዊ። ላይላ ከህንድ የመጣች ናት። ኤንሪኬ ፊሊፒናዊ ነው። ዞፊያ ፖላንዳዊት አይሁዳዊት ናት። ሂፕኖስ ጥቁር ፈረንሳዊ ነው። «አያችሁ? ከየጎሳው አንድ አንድ» ነው የጸሐፊው ፍርድ።

ጥሩ፣ እኔም ልቁጠር። በ1889 ፓሪስ ውስጥ ማን ነበር? የፈረንሳይ አብዮት መቶኛ ዓመት የሚከበርበት የዓለም ኤግዚቢሽን ከሜይ 6 እስከ ኦክቶበር 31 ድረስ ተካሂዷል። የኤፍል ማማ የተሠራው ለዚሁ ነው። ከ32 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ አይቶታል። ከቅኝ ግዛቶች የመጡ ሰዎችም ነበሩበት፤ የጃቫ ሙዚቀኞች፣ አልጄሪያውያን፣ ሴኔጋላውያን፣ ከኢንዶቻይና የመጡ። ደቡሲ የሚባለው ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ ጋሜላን የሚባለውን የጃቫ ባህላዊ ሙዚቃ እዚያ ሰምቶ ዕድሜ ልኩን ሲያደንቀው ኖሯል። ይህ መልካሙ ጎን ነው። ሌላው ጎኑ ደግሞ «የጥቁሮች መንደር» የሚሉት ነበር። ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎችን አምጥተው፣ ጎጆ ሠርተው፣ ፈረንጅ እየከፈለ እንዲያያቸው አሰልፈዋቸዋል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ነጭ ብቻ የሚመላለስባት የ1889 ፓሪስ ከፈለግህ እሷ ናት ምናባዊ። ቾክሺ የጻፈችው የነበረውን ነው።

ኮታ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ አንድ ቀላል ፈተና አለ። የሰውዬውን ማንነት ለውጡና ታሪኩ እንደነበረው ይሄድ እንደሆነ እዩ። ላይላን ውሰዱ። ቀን ቀን የሆቴሉ ወጥ ቤት ውስጥ ኬክ ትጋግራለች፣ ማታ ማታ ታዋቂ ጭፈራ ቤት ውስጥ በሌላ ስም ትደንሳለች። ተመልካቹ ከእሷ የሚፈልገው ሩቅ ምሥራቅ ብሎ የሚያልመውን ነገር ነው። እሷም ታውቃለች። የሚፈልጉትን ትሸጥላቸዋለች፣ በልዋጩ ምስጢራቸውን ትለቅማለች። የዘረፋው ግማሽ መረጃ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሌላም ችሎታ አላት፤ ዕቃ ስትነካ የዕቃው ያለፈ ታሪክ ይታያታል። በሙዚየም መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ነገር ማን እጅ እንደነበረና እንዴት እንደተወሰደ የሚያይ ሰው ምን ዓይነት ሕይወት እንደሚኖር አስቡት። ይህችን ልጅ የፓሪስ ነጋዴ ልጅ አድርጋችሁ ጻፏት እስቲ። አይሆንም።

ዞፊያም እንዲሁ። የብረትና የእሳት መሐንዲስ ናት። ፓሪስ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር፣ አይሁዳዊት በመሆኗ ሲያሰቃዩዋት ቆይተው በመጨረሻ እሷው ጥፋተኛ ተብላ ተባረረች። ሰዎች በሽሙጥ ሲናገሩ አይገባትም፣ ስትጨነቅ በዙሪያዋ ያለውን ነገር ትቆጥራለች፣ ብስኩቷ ነጣ ያለና ክብ ካልሆነ አትበላም። ዛሬ ቢሆን ሐኪም ኦቲዝም ይለው ነበር፤ በዚያ ዘመን ግን ስም የለውም፣ ስለዚህ ማንም ስም አይሰጣትም። ደስ የሚለኝ ነገር ጓደኞቿ ሊያስተካክሏት አለመሞከራቸው ነው። ላይላ የዞፊያን ብስኩት ለብቻው ትጋግርላታለች፣ አለቀ። ስለ አካታችነት ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፣ ከዚያ ትሪ የበለጠ ግን አላሳመነኝም።

ደግሞም ኮታ የሚለው ቃል የሚመዘዘው መቼ እንደሆነ ልብ በሉ። በ1985 በዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲ ያለ የሕፃናት መጻሕፍት ማዕከል ሲቆጥር፣ በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከታተሙት ወደ 2,500 የሚጠጉ የልጆች መጻሕፍት መካከል በጥቁሮች የተጻፉት ወይም ሥዕላቸው በጥቁሮች የተሠራው 18 ብቻ ነበሩ። አሥራ ስምንት! ያኔ ማንም «ይሄ ለነጮች የተያዘ ኮታ ነው» ብሎ አልጻፈም። አምስት ጓደኛሞች ከአምስት አገር ሲሆኑ ግን ይቆጠራል።

«ፊሊፒናዊነቱ የት አለ?» የሚለው ጥያቄ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም መልሱ ጸሐፊው ከጠበቀው በላይ ሰፊ ነው።

ደራሲዋ እናቷ ፊሊፒናዊት፣ አባቷ ህንዳዊ ናቸው፤ ያደገችው ጆርጂያ ነው፣ ብዙ ወገኖቻችን ያሉበት ግዛት። በ2016 የወጣው የመጀመሪያ ልቦለዷ የህንድን አፈ ታሪክ መሠረት ያደረገ ነበር። «አሩ ሻህ» የሚለው የታዳጊዎች ተከታታይዋም ማሃባራታ ከሚባለው ጥንታዊ የህንድ የጀግኖች ታሪክ የተቀዳ ነው። የእናቷን ወገን ታሪክ በሰፊው የከፈተችው እዚህ ነው፣ በኤንሪኬ በኩል። ኤንሪኬ የታሪክና የቋንቋ ሰው ነው። አባቱ እስፓኛዊ፣ እናቱ ፊሊፒናዊት። ሕልሙ ኢሉስትራዶስ ከሚባሉት ምሁራን ጋር መቆጠር ነው። እነሱ ግን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

ኢሉስትራዶስ ደግሞ ተረት አይደሉም። እስፓኝ ፊሊፒንስን ትገዛ በነበረበት ዘመን አውሮፓ ሄደው የተማሩ ልጆች ናቸው። በፌብሩዋሪ 1889 ባርሴሎና ላይ «ላ ሶሊዳሪዳድ» የሚባል ጋዜጣ ጀመሩ፤ የመጀመሪያው አዘጋጅ ግራሲያኖ ሎፔዝ ሃኤና ነበር። በዚያው ዓመት ሆሴ ሪዛል፣ ዛሬ ፊሊፒናውያን እንደ ብሔራዊ ጀግና የሚያከብሩት ደራሲ፣ ፓሪስ ውስጥ ነበር። ምን ሲሠራ? አንቶኒዮ ደ ሞርጋ የተባለ እስፓኛዊ ሹም በ1609 ስለ ፊሊፒንስ ያሳተመውን መጽሐፍ ቀደም ብሎ ለንደን ቁጭ ብሎ ገልብጦት ስለነበር፣ በግርጌው የራሱን ማብራሪያ ጨምሮ ለኅትመት እያዘጋጀው ነበር። እስፓኝ ከመምጣቷ በፊት እኛም ሥልጣኔ ነበረን ለማለት። እዚያው ፓሪስ አሳተመው። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ፣ በ1887፣ ማድሪድ ላይ በተደረገ ኤግዚቢሽን እስፓኞች የሪዛልን የአገር ሰዎች አምጥተው ለጎብኚ አሳይተው ነበር፤ ከመጡትም የሞቱ አሉ። ሪዛል በዚህ ነገር እንደተንገበገበ ደብዳቤዎቹ ይመሰክራሉ። በዲሴምበር 30 ቀን 1896 ማኒላ ላይ ረሸኑት።

የሪዛል የቤተሰብ ስም መርካዶ ነው። የኤንሪኬ ሙሉ ስም ኤንሪኬ መርካዶ ሎፔዝ። በአጋጣሚ ነው የምትሉ ካላችሁ እኔ አልከራከርም፣ ግን አላምንም።

እንግዲህ የፊሊፒንስ የነፃነት ሐሳብ ግማሹ የተጻፈው ባርሴሎና፣ ማድሪድና ፓሪስ ነው ማለት ነው። የኛ የተማሪዎች እንቅስቃሴም ከስድስት ኪሎ ውጭ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ስንት መጽሔት አሳትሞ ስንት ሌሊት ተከራክሯል፣ ያንን «ኢትዮጵያዊነቱ የት አለ?» የሚል የለም። አንድ ፊሊፒናዊ የታሪክ ተማሪን በ1889 ፓሪስ ላይ ማስቀመጥ ደራሲዋ ከሠራቻቸው ሁሉ ብልሁ ነገር ነው። ለእስፓኙ እስፓኛዊ ያልሆነ፣ ለፊሊፒናዊውም የማይበቃ ልጅ። አሜሪካ ውስጥ፣ ክላርክስተን ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ላደገ የኛ ልጅ ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

«የራሱን ወገን ብቻ ይጻፍ» የሚለውን በተመለከተ፣ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሎረን ብላክዉድ የምትባል ጃማይካዊት አሜሪካዊት በ2021 ያወጣችው ልቦለድ አለ፤ ዋናዋ ሴት ደብተራ ናት፣ ሥራዋም ከሰው ቤት ክፉ ዓይን ማባረር። አዎ፣ የኛው ደብተራ፣ የኛው ቡዳ። ሳነበው ቅንድቤ ብዙ ጊዜ ተነስቷል። እኔ የማውቀው ደብተራ ዜማና ቅኔ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፣ ክታብም ቢጽፍ በጎን ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ባይጻፍ ይሻል ነበር አልልም። ቢያንስ ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ምሽት ሙሉ ስለ ደብተራ አውርተናል፤ እኔ በራሴ ተነስቼ ባወራላት ስልኳን ታይ ነበር። ሰው የሌላውን ታሪክ ሲጽፍ ይሳሳታል፣ እኛም እናርማለን። አትንኩብን ማለት ግን ሌላ ነው።

ተቀድቷል የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ከቾክሺ መጽሐፍ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ2015፣ የሊ ባርዱጎ «ሲክስ ኦፍ ክሮውስ» ወጥቷል፤ እሱም በአንድ ቂም የያዘ ብልህ ልጅ ስለሚመራ የወጣት ዘራፊዎች ቡድን ነው። ይመሳሰላሉ። ሴቨሪን አንዳንዴ የዚያ ልጅ፣ የካዝ፣ ታናሽ ወንድም ይመስላል፣ ይህን እኔም አይቻለሁ። ግን ቡድን ሰብስቦ ካዝና መስበር ከባርዱጎም በፊት የነበረ የታሪክ ዓይነት ነው፣ ማንም በስሙ አላስመዘገበውም። የባርዱጎ ከተማ ምናባዊ ናት፣ የቾክሺ ግን ካርታ ላይ ያለች። ለእኔ ልዩነቱ ይበቃኛል።

አሁን ዋናው። ሌብነት ያስተምራል ለሚለው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ብዙ ተቆጥቷል። ልጆች ለሌባ እንዲያዝኑ ያደርጋል ይላል። እኔ ግን ገረመኝ፣ ምክንያቱም ይህን ክስ ሐበሻ ሲያቀርበው ማየት ያስቃል። ሴቨሪንና ጓደኞቹ የሚዘርፉት የማንን ዕቃ ነው? ከግብፅ፣ ከህንድ፣ ከቻይና፣ ከየትም ተወስዶ በአንድ ማኅበር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕቃ ነው። ማኅበሩ ራሱን ጠባቂ ብሎ ይጠራል። ሕጉን የጻፈው እሱ ስለሆነ ሌባ የሚባለው ሌላው ነው።

ይህን ታሪክ እኛ እናውቀዋለን። ሚያዝያ 1868 አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰውተው፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ምርኮውን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ አወረዱት፣ እዚያም ጨረታ አወጡበት። ሪቻርድ ሆምስ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ከጦሩ ጋር አብሮ ዘምቶ ነበር፤ ሙዚየሙን ወክሎ ገዛ። ብራናው፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦቱ ሄደ። ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦት አለ። ለሕዝብ አይታይም። የራሱ ሠራተኞችም እንዲያዩት አይፈቀድም። ካላያችሁት፣ ካላጠናችሁት፣ ካላሳያችሁት ለምን ታስቀምጡታላችሁ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢነሳ ሌብነት ተማረ እንበለው? በ2018 ደግሞ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ኃላፊ ከመቅደላ የተወሰዱትን ዕቃዎች በረጅም ጊዜ ብድር ልንሰጣችሁ እንችላለን አሉ። የራስህን ዘውድ ያበድሩሃል! ይህን የሰማ ሰው የባቤል ማኅበርን ገጽ ሲያነብ ምንም አዲስ ነገር አይሆንበትም። ጨረታውም፣ «እኛ በደንብ እንይዘዋለን» የሚለውም፣ ትሕትናው ሁሉ አለ።

በነገራችን ላይ መጽሐፉ ዘረፋን እንደ ጨዋታም አያየውም። የመጀመሪያው ቅጽ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ይሞታል። ማን እንደሆነ አልናገርም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ቅጽ በሙሉ ስለዚያ ሞት ዋጋ ነው። ሴቨሪን ሁለተኛው ቅጽ ላይ ጨካኝ ይሆናል፣ ጓደኞቹን እንደ ዕቃ ይቆጥራል፣ ላይላን ያቆስላታል። ውርሱን ለማስመለስ ብሎ የነጠቁትን ሰዎች መምሰል ይጀምራል። ደራሲዋ ይህን አትሸፋፍንለትም። ጸሐፊው እስከዚህ ቢያነብ ኖሮ «ሌብነትን ያሞግሳል» የሚለውን አንቀጽ ይሰርዘው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፋንታሲ ጊዜ ማባከኛ ነው ለሚለው ብዙ አልልም። ገድልና ተረት እየሰማን አድገን፣ ዘንዶና ሰይጣን ያለበትን ሁሉ በደስታ ሰምተን፣ ልጆቻችን ጋ ሲደርስ ምናብ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም። «ታሪክ ያንብቡ» ለሚለው ደግሞ፣ የእህቴ ልጅ ሪዛል ማን እንደሆነ ጠይቃኝ የማታውቅ ነበረች። የጠየቀችኝ በኤንሪኬ ምክንያት ነው። እኔም አጋጣሚውን ተጠቅሜ ያንኑ 1889 ከኛ በኩል አወራኋት። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሜይ 2 ነው፤ የፓሪሱ ኤግዚቢሽን ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው። መጽሐፉ ስለ እኛ አልተጻፈም፣ ግን አንድ ዘመን ነው፣ ያው አውሮፓ ነው።

ጸሐፊው ያላነሳቸውን ጉድለቶች እኔ ላንሳለት። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በጣም ቀልደኞች ናቸው፣ ሞት አፋፍ ላይ ሆነውም ይቀልዳሉ፣ አንዳንዴ ያታክታል። እንቆቅልሾቹ ሲጀምሩ ከባድ ናቸው፣ ሲፈቱ ግን በአንድ አንቀጽ ይፈታሉ። የሂሳብና የምልክት ማብራሪያው ውስጥ እኔ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠፍቻለሁ። ሁለተኛው ቅጽ ሩሲያ በረዶ ውስጥ ነው፣ መሃሉ ላይ ይጎተታል። የሦስተኛው አጨራረስም ሁሉንም አያስደስትም፤ ላይላን የወደደ ሰው ይጣላል። እኔ ወድጄዋለሁ።

ለወላጆች አንድ ነገር፦ መጽሐፉ የተጻፈው ለወጣቶች ነው፣ ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልሰጥም። ደም አለ፣ ፍቅርም አለ። ኤንሪኬ ሴትንም ወንድንም ያፈቅራል፣ መጽሐፉም አይደብቀውም። ይህን አስቀድማችሁ አውቃችሁ ግዙ፤ ኋላ ማንም እንዳይወቅሰኝ። ታናናሾች ካሏችሁ «አሩ ሻህ» ለነሱ ይሻላል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ «ዘ ጊልድድ ዉልቭስ» (2019)፣ «ዘ ሲልቨርድ ሰርፐንትስ» (2020)፣ «ዘ ብሮንዝድ ቢስትስ» (2021)። ሁለተኛውና ሦስተኛውን አንድ ላይ ተዋሱ፣ ምክንያቱም ሁለተኛው የሚያልቀው መሃል መንገድ ላይ ጥሎ ነው። ጸሐፊውም እስከ መጨረሻው አንብቦ ሌላ ትችት ከጻፈ አነባለሁ። የሴቨሪንን ነገር ካነሳ ምናልባት እስማማለሁም።